የጥር ሠርግ ወረቀቶች፦ ከብዕር እስከ አዳራሽ

መስከረም 28

የጓደኛዬ ሠርግ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ይውላል። ነነዌ ደግሞ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። በሁለቱ መሃል ያሉት እሑዶች ሁለት ብቻ ናቸው። የአዲስ አበባ ሙሽራ ሁሉ እነዚህን ሁለት እሑዶች ይሻማል። በዚያ ሰሞን አዳራሹም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ ዲኮር ሠሪውም ፋታ የለውም። የወረቀቱን ሥራ ዛሬውኑ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የእጅ ጽሕፈት የምሠራው ለጓደኞቼ ሠርግ ነው። የእጄን ዋጋ አልቀበልም። የወረቀቱንና የህትመቱን ወጪ ሙሽሮቹ ይችላሉ። እኔ የምጠይቃቸው በቂ ጊዜ እንዲሰጡኝ ብቻ ነው።

ዛሬ ከሙሽራዋ ጋር ቁጭ ብለን የሚያስፈልገውን ለየን። ስልኳ ውስጥ ከፒንተረስት የሰበሰበቻቸው ፎቶዎች አሉ። ያምራሉ። ግን አብዛኞቹ እንግዳው ሁሉ በተመደበለት ወንበር ለሚቀመጥበት ድግስ የተሠሩ ናቸው። የእኛ ሠርግ እንደዚያ አይሄድም። አንዱ አክስቱን ሲያይ ወደዚያው ይሄዳል። ሌላው ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ያልተጠራም ይመጣል፣ እሱም በደንብ ይስተናገዳል። ስለዚህ በየወንበሩ የስም ካርድ አይኖረንም። ምግቡም ቡፌ ስለሆነ በየሳህኑ ሜኑ አናስቀምጥም። ያንን ጉልበት ሁሉ ፖስታው ላይ አውለዋለሁ አልኳት።

እኛ ዘንድ የሠርግ ጥሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከእጅ ወደ እጅ ነው። የሙሽራው ወይም የሙሽራዋ ሰው ቤት ድረስ ይዞት ይሄዳል፣ ካልሆነም ቢሮ ያደርሰዋል። ቴምብር የለበትም፣ የቤት ቁጥር የለበትም። ፖስታው ላይ የሚታየው የተጠሪው ስም ብቻ ነው። ለእጅ ጽሕፈት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የተስማማነው በእነዚህ ነው፦ ጥሪው ከነፖስታው፣ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ካርድ፣ የመልስ ጥሪ፣ የጠረጴዛ ምልክቶች፣ የምግብ መለያዎች፣ በር ላይ የሚቆም ሰሌዳ እና የእንግዶች መዝገብ ሽፋን።

ጥቅምት 6

የጥሪውን ቃል ዛሬ ጨረስን። ዲዛይን ከመጀመሬ በፊት ቃሉ ማለቅ አለበት። አንድ መስመር ሲጨመር ሁሉም ነገር ይገፋል።

መሃሉ እንዲህ ሆነ፦ «እሑድ ጥር ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. የጋብቻቸውን ሥነ ሥርዓት ስለሚፈጽሙ፣ በዕለቱ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ጀምሮ በሚደረገው የምሳ ግብዣ ላይ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።» ብዙ ጥሪዎች በዚሁ ቃል ይጻፋሉ። ሙሽራው «ትንሽ ለየት ብናደርገውስ?» ብሎ ነበር። እኔ ግን ይህን ቃል እወደዋለሁ። ሽማግሌ ሲያነበው ይገባዋል፣ ልጅም ሲያነበው ይገባዋል። ልዩነቱን ከፊደሉ እናምጣው አልኩት።

ጥሪው የሚወጣው በወላጆች ስም ነው። የሙሽራው አባት በሕይወት የሉም። ቤተሰቡ ስማቸው ከጥሪው እንዳይቀር ይፈልጋል፣ እንደ ጠሪ መጻፍ ደግሞ አይሆንም። ስናወራ ቆይተን መልሱ እዚያው እንዳለ አየነው። የልጁ ሙሉ ስም ሲጻፍ የአባቱ ስም አብሮ ይጻፋል። ሌላ ጊዜ የሙሽሮቹን ስም ብቻ አጉልቼ የአባቶቹን አሳንሳለሁ። እዚህ ግን የአባትየው ስም ከልጁ ስም እኩል ቁመት፣ እኩል ውፍረት ይኖረዋል። ለሙሽራዋም እንደዚያው። እናቱ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ አሉ ማለት ነው» አሉ።

ከዋሽንግተንና ከዱባይ የሚመጡ ዘመዶች አሉ። እዚያ ያደጉት ልጆች ጥር 17 ማለት ጃንዋሪ 25፣ 2026 መሆኑን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ማለትም እኩለ ቀን መሆኑን ሊስቱት ይችላሉ። ከቀኑ 6 የተባለውን ምሽት አድርጎ ተረድቶ ድግሱ ካለቀ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። ለነሱ በፈረንጅ አቆጣጠርና ሰዓት የተጻፈ ትንሽ ካርድ ፖስታው ውስጥ ይገባል። ዋናውን ጥሪ በሁለት ቋንቋ ማጨናነቅ አልፈለግኩም።

ጥቅምት 18

መርካቶ ዋልኩ። ወረቀት በዓይን አይገዛም። ሁልጊዜ ብዕሬንና ቀለሜን ይዤ ነው የምሄደው። ባለሱቁ አንድ ቁራጭ እንዲሰጠኝ እለምነዋለሁ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ አንድ ስም እጽፋለሁ፣ ጥቂት ጠብቄ በእርጥብ ጣት እደባብሰዋለሁ።

የፎቶ ኮፒው ባለ 80 ግራም ወረቀት ቀለሙን ይመጥጥና የፊደሉ ጠርዝ ጸጉር ያወጣል። የሚያብረቀርቀው ወፍራም ወረቀት ደግሞ ቀለሙን አይጠጣም። ላዩ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቆይና እጅ ሲነካው ይላላጣል። የተሻለው የማያብረቀርቅ፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ 250 ግራም ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ጠርዙ ጥርት ይላል። ጥቁሩም እንደ ነጭ ወረቀት ዓይን አይወጋም።

ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል ሲታጠፍ እሺ ይላል፣ በሌላው በኩል ይግደረደራል። የሚታጠፍ ካርድ በተሳሳተው በኩል ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሉኩን በሁለቱም በኩል ለስለስ አድርጌ ጎንበስ አደርገውና የሚቀለውን አቅጣጫ በእርሳስ እመለክትበታለሁ። የጠረጴዛ ምልክቶቹ የሚቆሙት ታጥፈው ስለሆነ ይህ ግድ ነው።

ጥሪው ያልታጠፈ አንድ ቅጠል ይሆናል። መጠኑ ኤ6 ነው፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር። ከአንድ ኤ4 አራት ስለሚወጣ ብጣሽ አይባክንም። ሲ6 የሚባለው ፖስታ ደግሞ 114 በ162 ስለሆነ ልክ ይገባበታል። ሙሽራዋ ጥቁር አረንጓዴ ፖስታ አምሯት ነበር። እሱ ላይ ለመጻፍ ወፍራም ነጭ ቀለም ያስፈልጋል፣ ነጩም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይነሳል። ክሬሙን መረጥን፣ አረንጓዴውን ለሪባኑ ተውነው።

ጥቅምት 26

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን።

በብዙ የሠርግ ካርዶች ላይ ፊደላችን የፈረንጅ ተያያዥ ጽሕፈት መስሎ ሲጻፍ አያለሁ። ጭራ ይወጣለታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይቆላለፋል፣ ወደ ቀኝ ይጋደማል። እኔ ይህን አልሠራም። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም ነው። ወደ ታች የሚወርደው እግሩ ወፍራም ነው፣ ወደ ጎን የሚሄደው ቀጭን ነው። ውበቱ ያለው በዚህ በወፍራምና በቀጭን መፈራረቅ ውስጥ ነው። ካዕቡን ከግዕዙ፣ ሣልሱን ከኃምሱ የምትለየው ደግሞ ከጎን ወይም ከእግር ሥር በምትቀጠል አንዲት ትንሽ ምልክት ነው። ያችን ምልክት በጌጥ ከሸፈንካት የሰውየው ስም ሌላ ስም ይሆናል። ስለዚህ ጌጡ ከፊደሉ ውጭ ይሁን እላለሁ።

ወፍራምና ቀጭኑ የሚመጣው ከብዕሩ አያያዝ ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ብዕር ያስፈልጋል። ለላቲን ጽሕፈት ብዕሩን ያዘነብሉታል። ለፊደላችን ግን የጫፉን ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጌ እይዘዋለሁ። ያን ጊዜ እጄ ወደ ታች ሲወርድ የብዕሩ ሙሉ ስፋት ይሰመራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ክር ይሆናል። እጅን መጫን አያስፈልግም።

ለልምምድ ፓይሎት ፓራለል ፔን የሚባለውን እጠቀማለሁ። በ1.5፣ በ2.4፣ በ3.8 እና በ6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይገኛል። ለፖስታ ስም 2.4ቱ ይበቃኛል። የፊደሉን ቁመት የብዕሩን ስፋት አምስት እጥፍ አደርገዋለሁ፣ 12 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከዚያ ካጠረ ፊደሉ ይታፈናል፣ ከረዘመ ይቀጥናል። አብሮት የሚመጣው ቀለም ግን ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ፖስታ ደግሞ በላብ እጅ ይያዛል፣ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለመጨረሻው ሥራ የመቃ ብዕርና ከጥላሸት የተሠራ ውሃ የማይበግረው ጥቁር ቀለም እይዛለሁ። ይህ ቀለም ካርትሬጅ ያለው ብዕር ውስጥ ከተጨመረ ይደርቅና ብዕሩን ይደፍነዋል። መቃ ግን ከተዘጋ በምላጭ ገረፍ አድርጎ እንደገና መቅረጽ ነው።

ኅዳር 4

ቁም ጽሕፈት የተማሩ የኔታ ጋ ሄድኩ። ናሙናዎቼን አንድ በአንድ አዩልኝ። ፊደሉን ትተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መስመሩ ነው።

«ልጄ፣ በእርሳስ ለምን ታሰምሪያለሽ?»

«የኔታ፣ ያለ መስመር ይጣመምብኛል።»

«መስመሩማ ያስፈልጋል። ወስፌ የለሽም?»

የብራና ጸሐፊ በእርሳስ አያሰምርም። በወስፌ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በወስፌ ጫፍ ይገፋና ብራናው ላይ ያለ ቀለም ሰርጎድ ያለ መስመር ይወጣል። የሚጠፋ ነገር የለም። ካርዴ ላይ ጫፉ በዶለዶመ ወስፌ ሞከርነው። መስመሩ በጎን ብርሃን ይታያል፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ይጠፋል። በእርሳስ አስምሮ በላጲስ ማጥፋት የወረቀቱን ፊት ያሻክረዋል፣ ጥቁሩንም ያደበዝዘዋል። ይህ ሁሉ ቀረ።

ከዚያ ስለ ቀይ ቀለም አወራን። በብራና መጻሕፍት የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። እኛም ከላይ ከማቴዎስ 19፥6 የተወሰደ ቃል ስላለን «እግዚአብሔር» የሚለው ቀይ እንዲሆን አስቤ ነበር። የሙሽሮቹን ስም ግን ፈርቼ በጥቁር ጽፌዋለሁ።

«የመጽሐፉ ባለቤት ስምም በቀይ ይጻፋል» አሉኝ። «ይህ ወረቀት የማን ነው?»

«የሙሽሮቹ ነዋ።»

«እንግዲያማ ምን ታስቢያለሽ?»

ስማቸው በቀይ ይሆናል።

ኅዳር 9

ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎራ አልኩ። ሐረግ ለማየት ነው። ሐረግ በብራና መጻሕፍት ገጽ አናትና ጎን ላይ የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። ቤት ስመለስ ደግሞ ቀደም ብዬ ከኢንተርኔት ያስቀመጥኳቸውን የጉንዳ ጉንዴ ብራናዎች ፎቶ አወጣሁ። የ15ኛውና የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ቀጫጭን መስመሮች ይጠላለፋሉ፣ መሃላቸው በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይሞላል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን ስላሉት ብራናዎችም አሰብኩ። የራሳችንን ሐረግ በስክሪን ማየት ልብ ይነካል። ቢሆንም ካለማየት ይሻላል ብዬ እርሳሴን አነሳሁ።

ለኤ6 ካርድ ሙሉ ሐረግ ይከብዳል። አንድ ረድፍ ብቻ ወስጄ ካርዱ አናት ላይ አደረግኩት። ወደ ጎን የሚወርደውን ተውኩት።

ኅዳር 14

የሙሽራው ስም በ«በ» ይጀምራል፣ የሙሽራዋ በ«ሰ»። ሁለቱን አጣምረን እንደ ማኅተም እናድርግ ተባለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ ማኅተም ለመሆን ቅርጹ ብቻ ነው የሚያግዘው።

በ እና ሰ ሁለቱም ባለ ሁለት እግር ናቸው። አንዱ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ሾል ያለ። ቀላሉ ሐሳብ አንድ እግር እንዲጋሩ ማድረግ ነው፦ የበ ቀኝ እግር ለሰ ግራ እግር ይሆናል። ወረቀት ላይ ሳየው ግን ባለ ሦስት እግር ሆነ። ባለ ሦስት እግር ፊደል ደግሞ አለን፣ ሐ ነው። የሚያየው ሰው ሁሉ ሐ ብሎ ያነበዋል። አንዱን ባንዱ ላይ ማቆምም ሞከርኩ፣ የሰው ቤት መሰለ። በመጨረሻ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በእግራቸው መሃል ጠባብ ክፍተት ኖሯቸው፣ ከሥራቸው አንድ የሐረግ ክር በአራቱም እግር ውስጥ እየሾለከ እንዲያልፍ አደረግኩ። ፊደሎቹ አልተነካኩም፣ የተያያዙት በክሩ ነው። ሙሽራዋ ወደደችው። እኔም ከሁሉ የረካሁበት ቁራጭ ይህ ነው።

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና ሠርግ ስለሌለ ማተሚያ ቤቶች ሲረጋጉ የጥር ሠርግን ሥራ ማስገባት ያኔ ነው።

ኅዳር 28

ጥሪው ማተሚያ ቤት ገባ። የእጅ ጽሕፈቱን ከመጨረሻው መጠን እጥፍ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሲያንስ የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ አብሮ ያንሳል። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ተደረገ፣ ጥቁሩና ቀዩ ኢለስትሬተር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ተለያዩ። የግርጌው ትንንሽ ጽሑፍ፣ ማለትም የአዳራሹ ስምና ስልክ፣ በኮምፒውተር ፊደል ሆነ። በዚያ መጠን የእጅ ጽሕፈት አይነበብም።

የመጀመሪያው ናሙና በነጭ ወረቀት መጣ። በራሳችን ክሬም ወረቀት ላይ እንዲታተም ጠየቅኩ። ጥሩ ነገር ሆነ፣ ቀዩ ክሬሙ ላይ ወደ ብርቱካን ይሳባል። ትንሽ ጥቁር ተጨመረበትና የብራና ቀይ የሚመስለው ወጣ። ናሙና በምትጠቀሙበት ወረቀት ላይ ካልሆነ ናሙና አይባልም።

ታኅሣሥ 5

የስም ዝርዝር። በዚህ ሥራ ውስጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው።

ዝርዝሩ ከሦስት ቦታ መጣ። የሙሽራዋ እናት በደብተር ጽፈው ሰጡኝ፣ የእጃቸው ጽሕፈት ግሩም ነው። የሙሽራው ወገን ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፊደል የተጻፈ ፋይል ላከ፣ ስከፍተው የምልክት ክምር ሆነ። በወረቀት አትመው እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ። የሙሽሮቹ ጓደኞች ደግሞ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ በእርግጠኝነት አይለይም።

ከዚያ ሞክሼ ፊደላት አሉ። ሳይቸግረኝ ሁሉንም በአንድ ሀ እና በአንድ ሰ ልጽፈው እችላለሁ፣ ይነበባል። ግን ፖስታ ላይ ያለው የሰው ስም ነው። ኃይሉ በ«ኃ»፣ ሥዩም በ«ሥ»፣ ፍሥሐ በ«ሥ» እና በ«ሐ»፣ ዓለምፀሐይ በ«ዓ»፣ በ«ፀ» እና በ«ሐ»፣ ጸጋዬ በ«ጸ»፣ ንጉሤ በ«ሤ»። በዕድሜ የገፋ ሰው ይህን ወዲያው ያያል። የቄስ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ስሙን በ«ኃ» ሲፈርም ለኖረ ሰው በ«ሀ» ብጽፍለት ስሙን አላወቅኩለትም ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። መታወቂያው ላይ በ«ሀ» የተጻፈለት፣ ራሱም በ«ሀ» የሚጽፍ ወጣት ስሙን እኔ አላርምለትም። ደንቤ ይህ ነው፦ ባለቤቱ የሚጽፈውን እጽፋለሁ። ካልታወቀ የሚቀርበው ሰው ይጠየቃል። ማንም ካላወቀ ወደ ግዕዙ ሥር እመለሳለሁ። ከሙሽራዋ እናት ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት ስልክ ስንደውል ዋልን። «እሰይ፣ እንኳን ጠየቃችሁኝ» ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ማዕረጉም እንዲሁ ይጠራል። ቀሲስ፣ ሐጂ፣ ዶክተር፣ ሻለቃ። ለሐጂ ቤተሰብ «ከነቤተሰብዎ» ብለን ጽፈናል። «ከነባለቤትዎ» የሚለውን በተለይ ተጠንቅቀን ነው የተጠቀምነው። ባለቤታቸውን በቅርብ ለቀበሩ ሰው ይህ ቃል ፖስታ ላይ ሲታይ ቁስል ይነካል። የሙሽራዋ እናት በዝርዝሩ ላይ ለእነዚህ ሰዎች ነጠብጣብ አድርገውላቸው ነበር። እኔ ሳልጠይቅ።

ታኅሣሥ 13

ፖስታ እየጻፍኩ ነው። ማታ ማታ አልጽፍም፣ የአምፖል ብርሃን የወስፌውን መስመር ይውጠዋል። ጠዋት፣ መስኮቱን በግራዬ አድርጌ። ከእጄ ሥር ንጹሕ ወረቀት አደርጋለሁ፣ የእጅ ወዝ ወረቀት ላይ ካረፈ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ አይይዝም።

ስሙን መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ርዝመቱን ለክቼ መሃሉን አወጣለሁ። ብራና ላይ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ቢቆረጥ ችግር የለም፣ ሁለት ነጥብ ስላለ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። ፖስታ ላይ ግን ስም አልቆርጥም። ረጅም ከሆነ የአባት ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል። በስምና በአባት ስም መሃል ሁለት ነጥብ አድርጌያለሁ። ዛሬ ዛሬ ክፍት ቦታ ብቻ ነው የሚተወው፣ እዚህ ግን ሁለት ነጥቡ ያምራል፣ ትንፋሽም ይሰጣል።

በፊደላት መሃል ያለውን ክፍተት በመሥፈሪያ አልለካም። መ ክብ ስለሆነ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ይላል። ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች ጎን ለጎን ሲመጡ፣ ለምሳሌ በ እና ሰ፣ ራቅ ይበሉ። ዓይን የሚያየው በመሃል ያለውን ነጭ ነው።

ታኅሣሥ 25

ፖስታው ተሰጠ። መጀመሪያ ለንስሐ አባታቸው፣ ቀጥሎ ለሽምግልና ለሄዱት አባቶች፣ ከዚያ ለታላላቆች። ቅደም ተከተሉን የጠበቁት ቤተሰቦቹ ናቸው። አንድ አባት ፖስታውን አልከፍትም ብለው ቡፌው ላይ አቁመውታል ተባለ። ሰዓቱን ግን ከፍተው እንዲያዩት አስነግረናል።

ጥር 5

የጠረጴዛ ምልክቶችና የምግብ መለያዎች።

ቦታ የተያዘላቸው የፊተኞቹ ጠረጴዛዎች ብቻ ናቸው፦ የሁለቱ ቤተሰቦች፣ ሽማግሌዎች፣ ሚዜዎች። ቁጥራቸውን በግዕዝ ጻፍኩ። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች ለቀጭን መስመር የተፈጠሩ ይመስላሉ። ፲፪ን ስጽፍ የሁለቱን ሰረዝ አንድ ላይ አያይዛቸዋለሁ፣ ያኔ አንድ ቁጥር ሆኖ ይታያል። ግን ፮ እና ፯ን የማይለይ ብዙ ሰው አለ፣ በተለይ ወጣቱ። አስተናጋጆቹም ይቸገራሉ። ከሥር በትንሹ 6፣ 7 ብዬ አስቀምጫለሁ። ውበቱ ሰውን እንዲያንከራትት አልፈልግም።

የምግብ መለያ ላይ ጌጥ የለም። «የክርስቲያን ሥጋ» እና «የሙስሊም ሥጋ» የሚሉት ሁለቱ ካርዶች ከሁሉም ትልቅ ናቸው። እኩል መጠን፣ እኩል ቀለም። ከሩቅ መነበብ አለባቸው፣ ሰው ሳህኑን ይዞ ከደረሰ በኋላ መመለስ የለበትም። «የጾም» የሚለውም አለ። ሌሎቹ፣ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ያነሱ ናቸው። ቁርጥ መለያ አያስፈልገውም፣ ሥጋው ተሰቅሎ ይታያል። ከድስቱ እንፋሎት ስለሚወጣ ሁሉም በወፍራሙ ወረቀትና በውሃ በማይበገረው ቀለም ተሠርተዋል። ናሙናውን እቤት የሚፈላ ድስት አጠገብ አቁሜ አየሁት። ትንሽ ጎበጠ፣ ፊደሉ ግን አልተነካም። ከጀርባው አንድ ቁራጭ ካርቶን ተለጥፎበት ቀጥ አለ።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ሰሌዳው ላይ በጠፍጣፋ ብሩሽ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተጻፈ። የብሩሽ አያያዝም ከብዕሩ አንድ ነው፣ ጠርዙ ከመስመሩ ጋር ትይዩ። መስመሩን በኖራ በተነከረ ክር አስመታሁት። ቀይ የሆነው የሙሽሮቹ ስም ብቻ ነው። የመዝገቡ ሽፋን ላይ ያ የሐረግ ክር ያለው በ እና ሰ ገባ።

ጥር 20

ሠርጉም መልሱም በሰላም አለቀ።

በደንብ የሠሩልን ነገሮች፦ የምግብ መለያዎቹ ሳይነሱ ዋሉ። ሁለቱን የሥጋ ቡፌዎች ማንም አልተሳሳተም፣ ሐጂ ራሳቸው «የቱ ጋ ነው ብዬ ሳልጠይቅ በላሁ» አሉኝ። የውጭዎቹ ልጆች በሰዓቱ ተገኙ። የጠረጴዛ ቁጥሮቹን ልጆች ሰብስበው ወሰዷቸው፣ አንዷ ልጅ ፩ ይዛ «ይሄ ምንድን ነው?» እያለች ስትዞር ነበር። አያቷ ጠረጴዛው ላይ እስከ ፲ አስቆጠሯት።

መዝገቡ ለብዙ ሰው በቂ አልነበረም። አረጋውያኑ ቆመው መጻፍ አይመቻቸውም፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። በጎን አንድ ጠረጴዛና ወንበር፣ የተለዩ ትንንሽ ካርዶች፣ ሁለት ሦስት ብዕር ቢኖር ይሻላል። ምርቃታቸውን ቁጭ ብለው ይጻፉ፣ ኋላ መዝገቡ ውስጥ እንለጥፈዋለን።

የተረፉት ካርዶች ለሁለቱ ቤተሰብ ተከፈሉ። የሙሽራው እናት አንዱን ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል፣ በአባትየው ፎቶ አጠገብ።

ቀጣዩ የሌላ ጓደኛችን ሠርግ ነው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ሚያዝያ ውስጥ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል ማተሚያ ቤቱ ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ መያዝ አለበት። ወረቀቱን ያንኑ ክሬም ልግዛ ብያታለሁ፣ እሷም ተስማምታለች። የመቃ ብዕሮቹን አዲስ እቀርጻለሁ። ስሞቹን በእጅ ተጽፈው እንዲመጡልኝ፣ በየካቲት መጨረሻ እንዲደርሱኝ ነግሬያታለሁ።